ናኦሺማ ከሄዳችሁ ሆንሙራ መንደርን አትለፏት

ሰንደል (ኦሳካ)

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ጃፓንን ሊያዩ የሚመጡ ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ ቶክዮና ኪዮቶን አይተው ነው የሚመለሱት። ስለ ናኦሺማ ደሴት የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝም ጥያቄው ስለ ታዋቂው የቢጫ ዱባ ሐውልት ነው። ዱባው ደስ ይላል፣ እዩት። እኔ ግን ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት በደሴቷ ምሥራቅ ዳርቻ ስላለችው ሆንሙራ ስለምትባል መንደር ነው። ብዙ ሰው ከአንዱ ሙዚየም ወደ ሌላው ሲሮጥ ያልፋታል። ይቆጨኛል።

ለማያውቃት፣ ናኦሺማ በሴቶ የውስጥ ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ነዋሪዋ ወደ 3,000 ሰው ነው። ሆንሙራ ደግሞ የድሮ መንደሯ ናት። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው በእሳት የጠቆረ ጣውላ ነው፣ ጣሪያው የሸክላ ክዳን ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ፣ አዛውንቶቹ ሲያርፉ፣ ቤቶቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከተዘጉት አንዱ ተጠገነና ለአንድ አርቲስት ተሰጠ። ከዚያ ሌላ ቤት፣ ደግሞ ሌላ። ዛሬ እንዲህ ያሉ 7 ቦታዎች አሉ፤ ሁሉም በነዋሪዎች ቤት መሃል ተበትነዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ነው የሚኬደው። በመንገዳችሁ የሰው ልብስ ተሰጥቶ፣ ጓሮ ውስጥ ሽንኩርት ተተክሎ ታያላችሁ።

የመጀመሪያው ቤት ካዶያ ይባላል፤ ወደ 200 ዓመት ዕድሜ አለው። ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ምንጣፍ ይኖራል ብላችሁ በምትጠብቁበት ቦታ ጥልቀት የሌለው ውኃ አለ። ውኃው ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ቁጥሮች ይበራሉ። ከ1 እስከ 9 ይቆጥራሉ፣ ጠፍተው እንደገና ከ1 ይጀምራሉ። ዜሮ የለም። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ተኝቷል ያሰኛል። የአርቲስቱ ስም ታትሱኦ ሚያጂማ ነው። ቁጥሮቹ 125 ናቸው፤ የእያንዳንዱን ፍጥነት የወሰኑት ግን የደሴቷ ሰዎች ናቸው። ከ5 ዓመት ልጅ እስከ 95 ዓመት አዛውንት ተሳትፈዋል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ውኃ የማየው በሌላ ዓይን ነው። እዚያ ውስጥ የሆነ አያት የመረጡት ፍጥነት አለ። ምናልባት ዛሬ እሳቸው የሉም፤ ቁጥራቸው ግን ይቆጥራል። ሆንሙራን ከሌላው የጥበብ ቦታ ሁሉ የምለየው በዚህ ነው። መንደሩ ሥራው ውስጥ አለ።

የሄደ ሰው ካለ ያየውን ይጨምር። መሄድ የሚፈልግም ይጠይቅ።

የጊዮን ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰንደል፣ እግዜር ይስጥህ። እስቲ ሌሎቹንም ቤቶች ንገረን። ሰባት ካልክ ገና አንዱን ነው የነገርከን። ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ዘመናዊ ጥበብ ለገጠር ሰው ምኑ ነው? እውነት ወደውታል ወይስ ለቱሪስት ብለው ችለውት ነው?

ሰንደል (ኦሳካ)

ስለ ቤቶቹ ልቀጥል።

ሚናሚዴራ ጥንት ቤተ መቅደስ በነበረበት ቦታ ላይ አዲስ የተሠራ ነው። ሕንጻው የጃፓናዊው አርክቴክት የታዳኦ አንዶ ነው፤ ውስጡ ያለው ሥራ ደግሞ የአሜሪካዊው የጄምስ ተሬል። ከውጭ ረጅም ጥቁር የእንጨት ግድግዳ ነው፣ መስኮት የለውም። በቡድን በቡድን ያስገባሉ። ስትገቡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የገዛ እጃችሁን አታዩም። ግድግዳውን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ሄዳችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ዝም ነው። ምንም የለም። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ከዚያ ፊት ለፊት የሆነ ነገር ያለ ይመስላል፤ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ትላላችሁ። ቀስ እያለ ደብዛዛ አራት ማዕዘን ብርሃን ይወጣል። ብርሃኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበር፣ አልጨመረም፤ የተለወጠው ዓይናችሁ ነው። ከእኔ ጋር የገባች ሕፃን ልጅ ከሁላችንም ቀድማ አየችው።

ጎካይሾ የመንደሩ ሰዎች ጎ የሚባለውን የገበታ ጨዋታ ይጫወቱበት የነበረ ቦታ ነው። ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ባዶ ነው። በሌላኛው የታታሚ ምንጣፍ ላይ የካሜሊያ አበቦች ረግፈዋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ አበቦቹ ከእንጨት የተጠረቡ ናቸው። ዮሺሂሮ ሱዳ ነው የሠራቸው። የቅጠሉ ጠርዝ ከመሳሳቱ የተነሳ ትንፋሽ የሚያነሳው ይመስላል። ከውጭ በአትክልቱ ውስጥ እውነተኛው ካሜሊያ ተተክሏል። ሰው አንገቱን አስግጎ አይቶ፣ "ባዶ ክፍል ነው" ብሎ ሲሄድ አይቻለሁ። እባካችሁ እዚያ ቤት ቆም በሉ።

ሃይሻ የጥርስ ሐኪም ቤትና ክሊኒክ ነበር። ሺንሮ ኦታኬ ከላይ እስከ ታች በቆርቆሮ፣ በጣውላና በድሮ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሞላው። ውስጡ ሁለት ፎቅ በስቶ የቆመ የአሜሪካው የነጻነት ሐውልት ቅጂ አለ። ልጆች የሚወዱት ቤት ነው። ኢሺባሺ በጨው ሥራ የከበረ ቤተሰብ ቤት ነበር፤ የሂሮሺ ሴንጁ ትልቅ የፏፏቴ ሥዕል አለበት። ኪንዛ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ለ15 ደቂቃ የሚገባበት የሬይ ናይቶ ሥራ ነው። ብርሃን ከግድግዳው ሥር ባለች ቀጭን ክፍተት ብቻ ትገባለች። በቀጠሮ ነው።

ወደውታል ወይ ላልከው፣ ለሁሉም መናገር አልችልም። የማየውን ልንገርህ። ካዶያ ሲሠራ ከተሳተፉ በኋላ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የጨመሩት ነገር አለ። በ2001 አካባቢ በየቤታቸው ደጃፍ ኖረን የሚባለውን ቀለም የተነከረ መጋረጃ መስቀል ጀመሩ። አሁን ጥበብ ቤቱ የትኛው ነው፣ የሰው ቤት የትኛው ነው ብለህ የምትቆምበት ጊዜ አለ።

ዋርካ

በአክብሮት ልጠይቅ። ሰባተኛው መቅደስ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የአምልኮ ቦታን ለአርቲስት መስጠት ተገቢ ነው? እኔ በእኛ ደብር ቢሆን አልቀበልም።

ሰንደል (ኦሳካ)

ጋሼ ዋርካ፣ ጥያቄው የሚገባ ነው። ጎኦ ጂንጃ ይባላል፤ ከመንደሩ በላይ ኮረብታ ላይ ያለ የሺንቶ፣ የጃፓን ነባር እምነት፣ መቅደስ ነው። አርጅቶ መታደስ ነበረበት። በ2002 ሲታደስ ፎቶ አንሺውና አርቲስቱ ሂሮሺ ሱጊሞቶ ነደፈው። አምልኮው አልቆመም፤ ዛሬም መቅደስ ነው። አዲስ የጨመረው ነገር የመስታወት ደረጃ ነው። ከምድር በታች የድንጋይ ክፍል አለ፤ ደረጃው ከዚያ ተነስቶ መሬቱን አልፎ እስከ መቅደሱ ይወጣል። መስታወቱ ወፍራምና ግልጽ ስለሆነ ከላይ ያለው ብርሃን በእሱ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር ለመግባት ጎን ለጎን የማይኬድበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ስትወጣ በመተላለፊያው ጫፍ ባሕሩ ብቻ ነው የሚታይህ።

ማንም በደረጃው አይወጣም። ለሰው የተሠራ ደረጃ አይደለም። እኔ በግሌ ንቀት አላየሁበትም።

ዋርካ

ገባኝ። "ለሰው የተሠራ ደረጃ አይደለም" ያልከው አጥጋቢ ነው። አምልኮው ካልቆመ ጥሩ።

ቱንቢ (አርክቴክት)

እኔ ከሙያዬ አንጻር ልጨምር። ሰንደል በጥበቡ በኩል ያየውን እኔ በግንባታው በኩል አየሁት።

መጀመሪያ ስለ ጥቁሩ ግድግዳ። ያኪሱጊ ይባላል። ሱጊ የሚባለውን የጃፓን ዛፍ ጣውላ ላዩን በእሳት ይለበልቡታል። የከሰለው ሽፋን ከነፍሳትና ከመበስበስ ይከላከላል፤ የባሕር ጨው ያለበትን ነፋስም ይችላል። አንዶ ሚናሚዴራን በዚያ ጣውላ ሲያለብሰው የመንደሩን ግድግዳ ነው የተከተለው። ሕንጻው ትልቅ ነው፣ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር አይጣላም።

ሁለተኛ፣ በ2013 የተከፈተውን የአንዶ ሙዚየም እዚያው ሆንሙራ ውስጥ እዩት። ከውጭ 100 ዓመት የሆነው ተራ የእንጨት ቤት ነው። ውስጡ ሲገባ የአርማታ ግድግዳ በእንጨቱ ምሰሶዎች መሃል ቆሟል። ሁለቱ አይነካኩም ማለት ይቻላል። አንዶን "አርማታ ብቻ" ለሚሉ ሰዎች ይህችን ትንሽ ቤት ነው የማሳያቸው።

ሦስተኛ፣ እኔ ከሁሉም የወደድኩት ሰው የማይሰለፍለትን ነው። የናኦሺማ አዳራሽ፣ በ2015 ያለቀ፣ የሂሮሺ ሳምቡኢቺ ሥራ። ሳምቡኢቺ መጀመሪያ መንደሩን ለረጅም ጊዜ አጠና። የድሮዎቹ ቤቶች ክፍሎቻቸውን ያሰለፉት ነፋስ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደሚቀጥለው እንዲገባ አድርገው ነው። አዳራሹን በዚያው ነፋስ ላይ ገነባው። ትልቁ የእንጨት ጣሪያ መሃሉ ቀዳዳ አለው፤ ነፋሱ በዚያ ሲያልፍ ከታች ያለውን አየር ይስባል። ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል፤ የመንደሩ ሰው ግን ለስብሰባና ለስፖርት ይጠቀምበታል።

ቺቹ ሙዚየምንም አታስቀሩ። በደሴቷ ደቡብ ነው፣ በ2004 የተከፈተ። የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሞኔ 5 የውኃ አበባ ሥዕሎች ያሉበት ክፍል መብራት የለውም፤ በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ ነው የሚታዩት። ደመና ሲያልፍ ሥዕሉ ይጠቁራል።

የጊዮን ልጅ (አዲስ አበባ)

ቺቹ ከመሬት በታች ነው አይደል? እንግዲህ እኛ ላሊበላ አለን፤ ስምንት መቶ ዓመት ቀድመናቸዋል።

ቱንቢ (አርክቴክት)

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል፤ አሠራሩ ግን ተቃራኒ ነው። ላሊበላ የተፈለፈለ ነው። አለቱ ራሱ ሕንጻ ሆነ፤ የጨመሩት የለም፣ የቀነሱት እንጂ። ቺቹ ግን ኮረብታው ተቆፍሮ፣ አርማታው ተሞልቶ፣ በላዩ አፈር ተመልሶ የተለበሰ ነው። ዓላማው የባሕሩ ዳርቻ መልክ እንዳይበላሽ መደበቅ ነው። ላሊበላ አይደበቅም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ በአራቱም በኩል ይታያል።

ከተነጻጸረ ይልቅ በጎረቤቷ ቴሺማ ደሴት ያለው ሙዚየም ይቀርባል። በ2010 የተከፈተ፣ የሪዩኤ ኒሺዛዋ ንድፍ ነው። ወደ 40 በ60 ሜትር የሆነ፣ አንድም ምሰሶ የሌለው የአርማታ ቅርፊት። እንዴት ሞሉት ብትል፣ በእንጨት ካሳፎርማ አይደለም። አፈር ቆልለው ጉብታ ሠሩ፣ በጉብታው ላይ አርማታውን አፈሰሱ፣ ሲደርቅ አፈሩን ከሥር አውጥተው ጨረሱ። ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ ሁለት ትልልቅ ክፍት ቀዳዳዎች አሉት፤ ዝናቡም ነፋሱም ይገባል። ወለሉ ላይ ከረቂቅ ቀዳዳዎች ውኃ እየወጣ ይንኳለላል፣ ይገናኛል፣ ይሄዳል። ይህ የኪንዛዋ የሬይ ናይቶ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ይቀመጣል። ለአርክቴክቸር ተማሪዎች የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገንዘብ አጠራቅማችሁ ይህን እዩ።

መቀነት

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል። ግን አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። እነዚህ ደሴቶች ለምን ባዶ ሆኑ? የሴቶ ባሕር በጣም የተጎዳ ቦታ ነው። ናኦሺማ ሰሜኑ ላይ ከ1917 ጀምሮ የሚትሱቢሺ የመዳብ ማቅለጫ አለ። ጭሱ የኮረብታውን ዛፍ አድርቆት ነበር። ኢኑጂማ የምትባለው ሌላዋ ደሴት ላይ በ1909 ማቅለጫ ተከፈተ፣ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ በ1919 ተዘጋ። ፍርስራሹና ጭስ ማውጫዎቹ ቀሩ።

ቴሺማ ደግሞ የከፋው ነው። ያ ውብ ሙዚየም ያለበት ደሴት ለዓመታት የኢንዱስትሪ ቆሻሻ በሕገ ወጥ መንገድ ይጣልበት ነበር። ፖሊስ የገባው በ1990 ነው። ነዋሪዎቹ አዛውንቶች ናቸው፤ እነሱ ናቸው ተሟግተው በ2000 ስምምነት ያገኙት። ከ900,000 ቶን በላይ ቆሻሻና የተበከለ አፈር ተጭኖ እስኪወጣ እስከ 2017 ወሰደ። የተወሰደውም ወደ ናኦሺማ ነው፤ እዚያ ነው የተቃጠለው።

ይህን የምለው ደስታችሁን ለማበላሸት አይደለም። የሚሄድ ሰው የአርቲስቶቹን ስም ብቻ አውቆ እንዳይመለስ ነው። ጥበቡን ያመጣው የአንድ ትልቅ ኩባንያ ገንዘብ ነው። ኩባንያው ነገ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ሕዝቡ አሁንም እየቀነሰ ነው። ጥበብ ቁስልን ይሸፍናል፣ አያድንም።

ሰንደል (ኦሳካ)

መቀነት፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። ስለ ቴሺማ ያልሽው በየሙዚየሙ በር ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

በኩባንያው ጉዳይ ግን ትንሽ እከራከራለሁ። ኩባንያው፣ ማለትም ቤኔሴ፣ ከመምጣቱ በፊት ደሴቷ የራሷ ሐሳብ ነበራት። ቺካትሱጉ ሚያኬ የሚባሉ ከንቲባ ነበሩ፤ ከ1959 እስከ 1995 ድረስ፣ 36 ዓመት የመሩ። ደሴቷን በሦስት ከፈሏት፦ ሰሜኑ ለኢንዱስትሪ፣ መሃሉ ለትምህርትና ለኑሮ፣ ደቡቡ ለባህልና ለእረፍት። ትምህርት ቤቶቹን በጊዜው ገና ወጣት ለነበረው አርክቴክት ለካዙሂሮ ኢሺ ሰጡት። የአንደኛ ደረጃው በ1970 ነው ያለቀው። ማለትም ከመጀመሪያው ሙዚየም ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ የናኦሺማ ልጆች በጥሩ አርክቴክት ሕንጻ ውስጥ ይማሩ ነበር። ሥነ ሕንጻ ወደዚያ የገባው ለቱሪስት አይደለም።

በ1985 ከንቲባው ዛሬ ቤኔሴ ከሚባለው አሳታሚ ድርጅት መሥራች ከቴትሱሂኮ ፉኩታኬ ጋር ተገናኙ። ሐሳቡ የልጆች ካምፕ ነበር። መሥራቹ በዓመቱ አረፉ፤ ልጃቸው ሶይቺሮ ቀጠለ። ካምፑ በ1989 ተከፈተ፣ የመጀመሪያው ሙዚየም በ1992። ገንዘቡ የኩባንያው መሆኑ እውነት ነው። ግን በሩን ከፍቶ፣ ቦታውን መርጦ የጠራው የደሴቷ አስተዳደር ነው። ለዚህ ነው ከሌላው የባለሀብት ፕሮጀክት የምለየው።

"አያድንም" ላልሽው ግን መልስ የለኝም። እኔም የምፈራው እሱን ነው።

መቀነት

የትምህርት ቤቱን ነገር አላውቅም ነበር። ጥሩ ነጥብ ነው። ቢሆንም አንድ ከንቲባ ጥሩ ስለነበሩ ሁሌ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። በ2025 ሆንሙራ አጠገብ ሌላ አዲስ ሙዚየም ተከፍቷል፤ ያውም የአንዶ። ትንሽ መንደር ስንት ሙዚየም ትችላለች?

ቱንቢ (አርክቴክት)

አዲሱ በእስያ አርቲስቶች ሥራ ላይ ያተኮረ ነው፤ ኮረብታ ላይ ቢሆንም አብዛኛው አካሉ ከመሬት በታች ነው። መንደሩን አይጫንም። ስለ ሰው ብዛት ግን ከመቀነት ጋር ነኝ። ከ2010 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ የሚደረገው የሴቶኡቺ የጥበብ በዓል ሲኖር ፌሪው ይጨናነቃል፣ መንደሩ ውስጥ ሰልፉ ይረዝማል። በዓል ከሌለበት ጊዜ፣ በሥራ ቀን መሄድ ለእናንተም ለነዋሪውም ይሻላል።

እመቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ክርክራችሁ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ተግባራዊ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። እናቴን ይዤ ጃፓን ልሄድ ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ውብ ነገር ማየት ትወዳለች። ከኦሳካ እንዴት ይኬዳል? በአንድ ቀን ያልቃል? ለእሷ የማይሆነው የቱ ነው?

ሰንደል (ኦሳካ)

እህቴ እመቤት፣ እናትሽን እግዜር ያቆይልሽ።

ከኦሳካ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ እስከ ኦካያማ፣ ከዚያ በተራ ባቡር እስከ ኡኖ ወደብ። ከኡኖ እስከ ናኦሺማዋ ሚያኖኡራ ወደብ በፌሪ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በቀጥታ ወደ ሆንሙራ የምትሄድ ትንሽ ጀልባም አለች፤ ጉዞዋ ጥቂት ስለሆነ ሰዓቷን ቀድመሽ እዪ። ከታካማትሱ በኩል ከመጣሽ ፌሪው 50 ደቂቃ ይወስዳል። ደሴቷ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ አለ። ጎረምሶች ብስክሌት ይከራያሉ፤ ለእናትሽ አውቶቡሱ ይበቃል።

ሰኞን አትምረጪ። አብዛኛው ዝግ ነው። ሰኞ በዓል ከሆነ ደግሞ ማክሰኞ ይዘጋሉ። ቴሺማን ካሰባችሁ የእሷ ዝግ ቀን ማክሰኞ ነው። ቺቹ በኢንተርኔት፣ በሰዓት የተቆረጠ ትኬት ነው፤ እዚያ ደርሼ እገዛለሁ ብለሽ አትተማመኚ። ለጥበብ ቤቶቹ የጋራ ትኬት አለ፣ ኪንዛ ግን ለብቻ ነው። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ካርድ የማይቀበሉ አሉ። አንዳንዶቹም ከምሳ በኋላ ይዘጋሉ።

ለእናትሽ ጎካይሾ፣ ኢሺባሺና ካዶያ ይሆናሉ። ጫማ ማውለቅ ስላለ በቀላሉ የሚወልቅ ታድርግ። ሚናሚዴራ ደረጃ የለውም፣ ግን ጨለማ ነው፤ እጇን ይዘሽ ትገባላችሁ። ጎኦ ጂንጃ ዳገት ነው፤ ከሥር ያለው መተላለፊያም ጠባብ ነው። እሱን አንቺ ብቻ እዪው።

በአንድ ቀን ያልቃል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል፤ እኔ ግን እደሩ እላለሁ። የቀን እንግዳው በመጨረሻው ፌሪ ከሄደ በኋላ መንደሩ የነዋሪዎቹ ብቻ ይሆናል። ራት የምትበሉበት ቤትም፣ የምታድሩበትም የመንደር ሰው ነው። መቀነት ያነሳችው ጥያቄ ላይ እኛ እንግዶች ማድረግ የምንችለው ይህን ነው፤ አድሮ፣ በልቶ፣ በቀስታ አውርቶ መሄድ። ማታ በመንገዱ ላይ ጮክ ብሎ ማውራት አይገባም፤ ግድግዳው ስስ ጣውላ ነው፣ ከኋላው ሰው ተኝቷል።

እመቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁለት ሌሊት አደርጋለሁ። ቤኔሴ ሆቴል ዋጋው አይቀመስም፤ ሆንሙራ ውስጥ እንግዳ ማረፊያ አግኝቻለሁ፤ ግን መኝታው መሬት ላይ ፍራሽ ነው። እማዬ ከመሬት መነሳት ይከብዳታል።

አደይ (ሂሮሺማ)

እመቤትዬ፣ እኔ አክስቴን ይዤ ሄጄ ነበር። አልጋ ያለው ማረፊያ ሚያኖኡራ ወደብ አካባቢ ፈልጊ። ሆንሙራ ከዚያ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ስትጽፊላቸው የእናትሽን ዕድሜና የጉልበቷን ነገር ንገሪያቸው፤ ወንበርና ምድር ላይ ያለ ክፍል ያዘጋጃሉ። ወደቡ አጠገብ ኦታኬ የሠራው የሕዝብ መታጠቢያ ቤትም አለ፤ ግድግዳው በሞዛይክ ያጌጠ፣ መሃሉ ላይ ዝሆን የቆመበት። የደሴቷ እናቶችም እዚያ ይታጠባሉ። ሙቅ ውኃው ለጉልበት ጥሩ ነው፤ አክስቴ ከሁሉም ሙዚየም በላይ ያወራችው ስለ እሱ ነው።